የሐኪሙ ቦርዶች

አባቴ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። ያስገባና መልሶ ይመዘዋል፤ የክሩን ጫፍ በከንፈሩ አርሶ ያሾለዋል፤ እንደገና ያስገባል። ስፌት ሲሠራ አይቼው አላውቅም፤ የሸሚዙ ቁልፍ ሲበጠስ እንኳ እናቴ ናት የምትተክልለት። የመኝታ ቤቴ በር ገርበብ ብሎ ነበርና በክፍተቱ ሳየው ስድስት ጊዜ አስገባ፣ ስድስት ጊዜ መዘዘ። አንድም ጊዜ አልሳተም። ለሰባተኛው ሲዘጋጅ እናቴ ከኩሽና ወጣች። የጫማዋን ድምፅ ሲሰማ መርፌውን ኮሌታው ሥር ሰካና ሰማዩን የሚመለከት ሰው መሰለ።

«ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም» አለ።

«ሰማዩ እንደዚህ ጠርቶ?» አለች እናቴ። «አንተ ሰውዬ ደግሞ ሰሞኑን መስኮት አበዛህ።»

ለሠርግ ካልሆነ የማይለብሰውን ግራጫ ኮት ለብሷል። ሻዩን ቆሞ ጠጣ፣ ዳቦውን ግማሽ ላይ ተወው፣ ወደ እኔ በር ዞር ብሎ «እናቴ፣ ዛሬ ቀድሜሽ እሄዳለሁ፤ አንቺ ተረጋግተሽ ነይ» አለኝና ወጣ፤ ሲያቆላምጠኝ እናቴ ነው የሚለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አብረን ሳንወጣ የቀረንበት ቀን ቢኖር ከሁለት አንዳችን የታመምንበት ነው። እናቴ ግማሹን ዳቦ ስታይ ቆየችና ሳህን ደፋችበት። ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። እኛ ቤት እንዲህ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ሁሉም ሰው ሥራ ያገኛል። እሷ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ አጠበች፤ እኔ እግሬ ሥር ያለውን ጫማ ፈለግሁ።

እኔና አባቴ የምንሠራው አንድ ቦታ ነው። ከጎማ መሸጫ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስት ክፍል የተከራየች ትንሽ ድርጅት ናት፤ ለመድኃኒት ማቀዝቀዣዎች የሙቀት መዝጋቢ እንሠራለን። የሳሙና መያዣ የምታክል ነጭ ሳጥን ማቀዝቀዣው ውስጥ ትቀመጥና በየአምስት ደቂቃው ሙቀቱን ለክታ ትጽፋለች። መብራት ጠፍቶ ክትባቱ ሞቆ ያደረ እንደሆነ ነርሷ ጠዋት የምታውቀው ከእሷ ነው። የሳጥኗን ቦርድ አባቴ ይበይዳል፣ የሚያስኬዳትን ሶፍትዌር እኔ እጽፋለሁ። አባቴ እዚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ሐኪሙ» ነው የሚሉት። ሌላው ተስፋ የቆረጠበትን ቦርድ ይቀበላል፣ ባትሪውን ይነቅላል፣ አጉሊ መነጽሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ከቺፖቹ ቀጫጭን የብረት እግሮች አንዷን በመበየጃው ነካ ያደርጋታል፤ የሞተው ይነሳል። ከዚህ የተነሣ አንድ ልማድ አለ፤ ተበላሽቶ የመጣን ዕቃ ሐኪሙ ሳያየው ማንም አይነካውም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስቀጠር «የሐኪሙ ልጅ» ተባልኩ፣ አሁንም እንደዚያው ነኝ። ቤት አንተ የምለውን ሰው የሥራ ቦታችን ደረጃ ላይ ስንደርስ አንቱ እለዋለሁ። ተነጋግረን አይደለም፤ ዝም ብሎ እንደዚያ ሆነ።

ከሦስት ወር ወዲህ ሳጥኖቹ መመለስ ጀመሩ። መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ ዘጠኝ፤ አሁን በካርቶን ነው የሚመጡት። በሽታቸው አንድ ነው፤ መዝገባቸው ቀዳዳ አለው። ሙቀቱን ለክተዋል፣ ስክሪናቸው ላይም አሳይተዋል፤ ግን ከሆነ ቀንና ሰዓት ጀምሮ መዝገቡ ላይ ምንም አልጻፉም። ማጥፊያ የላቸውምና ባትሪያቸውን እንደያዙ፣ እንደበሩ ነው የሚመጡልን። አባቴ ከፍቶ መዝገቡ የሚቀመጥበትን የሜሞሪ ቺፕ እግሮች ሲያሞቃቸው ይድናሉ። ሳምንት ያህል ደህና ይሰነብቱና እንደገና ይስታሉ። በእኛ ሙያ እንዲህ መጣ ሄደ የሚል በሽታ ሲኖር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብየዳ ነው፤ በደንብ ያልያዘች እግር አንድ ጊዜ ትነካለች፣ አንድ ጊዜ ትለቃለች። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው አባቴ ስለሆነ ከማንም ቀድሞ ራሱን ጠረጠረ። መነጽር ቀየረ። ከወር በኋላ ሌላ ቀየረ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በእጥፍ ውድ ነበር። እራት ላይ መብራቱን ለምን እንደምናደበዝዘው ይጠይቀን ጀመር። ማንም አላደበዘዘውም።

ያን ቀን ደረጃውን ስወጣ የጎማው ሽታ እንደ ወትሮው እስከ ላይ ተከተለኝ። ሞካሪያችን ብቻ ነበረች። ሳጥኖቹ ከመሸጣቸው በፊት የምትፈትሻቸው፣ ወፈር ያለች፣ ሰው ላይ ካልቀለደች ሥራ የማይጀመርላት ሴት ናት። ዛሬ አልቀለደችም። በአገጯ ወደ ኢንጂነሩ ቢሮ አመለከተችኝና ብስኩቷን ሳትነክስ ያዘችው። ኢንጂነሩ የድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ቢሮው ከእኛ ክፍል የሚለየው በስስ ጣውላ ነው፣ ስልክ ሲያወራ እንኳ ይሰማናል።

«ራሴን ፈትኜዋለሁ» ይላል አባቴ። «ጠዋት ጠዋት ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አላውቅም። እጄ አይታመንም።»

«ጋሼ፣ እኔ እንደዚህ ብዬ አላውቅም።»

«አንተማ አላልክም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ስለ ዕድሜ አንድ ነገር አለ፣ ስለ ማረፍ አንድ ነገር አለ። ቀጥሎ መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። ማተሚያው ያለው እኛ ክፍል ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ ድምፅ አላሰማም። የስንብቱ ወረቀት ቀድሞ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ብዕር ወረቀት ላይ ሲንቀሳቀስ አይሰማም፤ እኔ ግን የሰማሁት መሰለኝ።

«የሐኪሙ ልጅ» አለች ሞካሪዋ በሹክሹክታ፣ «ከግድግዳው ላይ ጆሮሽን አንሺ፤ ተለጥፎ ይቀራል።» ልታስቀኝ ነበር የፈለገችው። ፊቴን ስታይ ተነሥታ ቬንትሌተሩን ከፍ አደረገችው።

አባቴ ሲወጣ እኔን አላየም። ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ጋዋኑን ከወንበሩ ላይ አነሣ፣ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ መልሶ አስቀመጠው። መበየጃውን ማንም አላበራውም ነበር፤ እሱ ግን ጫፉን በስፖንጅ ጠረገው፣ ሶኬቱን ነቀለው፣ ገመዱን ጠቀለለው። አጉሊ መነጽሩን የድርጅቱ ስለሆነ ተወው። በአጠገቤ ሲያልፍ «እናቴ፣ ቤት እንገናኝ» አለኝ። ሥራ ቦታ እናቴ ብሎኝ አያውቅም። ሞካሪዋ አንገቷን ደፋች። ግራጫው ኮት በደረጃው ሲወርድ አየሁት፤ የደረጃውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ነበር፣ ደህና እግር እያለው።

አንዷን የተመለሰች ሳጥን ከካርቶኑ አወጣሁ። የምፈልገው ነገር አንድ ነበር፤ ያችን ያልያዘች እግር ማግኘት። ካገኘኋት ሰበብ እፈልግላታለሁ፤ የብየዳው እርሳስ ነው እላለሁ፣ ቦርዱ ነው እላለሁ፣ በርካሽ የገዛናቸው ቺፖች ናቸው እላለሁ። ሳጥኗ ውስጥ ዋናው ቺፕ የሚያዛቸው ሦስት ቺፖች አሉ፤ አንዱ ሙቀት ይለካል፣ አንዱ ሜሞሪ ነውና ይጽፋል፣ አንዱ ስክሪኑን ያሠራል። ሦስቱም የተንጠለጠሉት በጋራ ሽቦዎች ላይ ነው፤ ዋናው ሲናገር ለሁሉም ይሰማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ለብቻው አንድ ተጨማሪ ሽቦ አለው፣ መምረጫ እንለዋለን። የሜሞሪው መምረጫ ዝቅ ሲል «የምናገረው ለአንተ ነው» ማለት ነው፤ ከፍ ሲል «ጨርሻለሁ» ማለት ነው። ሜሞሪው ጨርሻለሁ ሲባል የተነገረውን ይጽፋል። ነገሩ ግማሽ ላይ እያለ ጨርሻለሁ ከተባለ ግን አይጠይቅም፣ አይከራከርም፤ የሰማውን ሁሉ ይጥለዋል።

ኦሲሎስኮፑን፣ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን በስክሪን ላይ በመስመር የሚሥለውን መሣሪያ፣ አመጣሁ፤ አንዱን ገመዱን መምረጫው ላይ፣ ሌላውን መልእክቱ የሚሄድበት ሽቦ ላይ አሰርኩ። በየአምስት ደቂቃው የሚጻፈውን በየሴኮንዱ እንዲጻፍ አደረግሁና ቁጭ አልኩ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ያዘው። አርባ ደቂቃ በየሴኮንዱ ሲቆጠር ሁለት ሺህ አራት መቶ ጽሑፍ ነው፤ በየአምስት ደቂቃው ሲሆን ስምንት ቀን ይሆናል። ሳጥኖቹ የሚሰነብቱት እንደዚያ ያህል ነው። በኦሲሎስኮፑ ስክሪን ላይ የመምረጫው መስመር ዝቅ ይላል፤ የመልእክቱ ቁራጮች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ያልፋሉ፤ ከዚያ ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት አለ፤ ክፍተቱ ውስጥ መስመሩ ተነሣ፣ መልሶ ወረደ፣ የቀሩት ቁራጮች ተከተሉ። ለረጅም ጊዜ አየሁት። የላላ ብየዳ እንዲህ አይደለም። የላላ ብየዳ ይንቀጠቀጣል፣ ይጎረብጣል፣ መሐል ላይ ይንጠለጠላል። ይህ ግን ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ነው የወረደው። አንድ ነገር አዞት ነው የተነሣው። ማን እንዳዘዘው ለማወቅ ኮዱን መክፈት አያስፈልገኝም ነበር፤ እጄ ግን ከፈተው።

መምረጫውን ማውረድና ማንሣት በሁለት መንገድ ይቻላል። አንደኛው በሶፍትዌር ነው፤ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ራሱ አውርድ ብሎ ይጽፋል፣ መልእክቱን በሙሉ ይልካል፣ የመጨረሻዋ ቁራጭ መውጣቷን አይቶ አንሣ ይላል። ሁለተኛው በሃርድዌር ነው፤ ዋናው ቺፕ ውስጥ ያለው ላኪ ክፍል የሚላክ ሲያገኝ በራሱ ያወርዳል፣ የሚላክ ሲያጣ በራሱ ያነሣል። ሁለተኛው አጭር ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሲነበብ ያምራል። ነገር ግን ሃርድዌሩ መልእክቱ ማለቁን አያውቅም፤ የሚያውቀው እጁ ባዶ መሆኑን ብቻ ነው። ሦስተኛዋን ቁራጭ ሰጥተነው አራተኛዋን ሳናቀብለው ዋናው ቺፕ ለቅጽበት ወደ ሌላ ሥራ ከተጠራ፣ አለቀ ብሎ ያነሣዋል።

የእኛ ድራይቨር፣ ሜሞሪውን የሚያናግረው የኮዱ ክፍል፣ በሶፍትዌር ነበር። የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው። ከአራት ወር በፊት፣ ሥራ በቀዘቀዘበት አንድ ከሰዓት፣ የቺፑን መመሪያ ሳነብ ሃርድዌሩ ይህን በራሱ መሥራት እንደሚችል አየሁ። አሥራ አራት መስመር ሰረዝኩና በምትካቸው አንድ ጻፍኩ። ሁለት ቀን ሞከርኩት፤ ሠራ። ሁለት ቀን አይበቃም ነበር። የለውጡ መዝገብ ላይ ቀኑና የእኔ ጽሑፍ አለ፤ «ኮዱን ለማጽዳት» ይላል። ለማንም አልነገርኩም። እንዲህ ያለውን ነገር ድምፅ አውጥቼ መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ያን ቀን ደረጃውን ስወርድ ሰው ሳያየኝ ፈገግ ብዬ ነበር። ሳጥኖቹ መመለስ ሲጀምሩ ኢንጂነሩ ሰብስቦን «ሶፍትዌሩ ላይ የተነካ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ። «ይህን የሚያመጣ ነገር የለም» አልኩ። በዚያው ሳምንት አባቴም እራት ላይ በቀስታ ጠየቀኝ። «ምንም የለም አባዬ» አልኩት። ሁለቱንም ጊዜ የዋሸሁ አልመሰለኝም። እነዚያ አሥራ አራት መስመሮች ትዝ አላሉኝም፤ ትዝ ቢሉኝም ከቁም ነገር አልቆጥራቸውም ነበር። አባቴ ቃሌን ይዞ ሄዶ መነጽር ገዛ።

የሰረዝኳቸውን መስመሮች መለስኩ። ስድስት የተመለሱ ሳጥኖች ላይ ጫንኩና ሁሉንም በየሴኮንዱ እንዲጽፉ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። መበየጃ አልነካቸውም። ምሳ አልወጣሁም። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ አንዱም አልሳተም፤ ሞካሪዋ ከትከሻዬ በላይ ሆና ቁጥሮቹን ታይ ነበር።

«ሸፈንሽለት» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ተባረኪ።»

«አልሸፈንኩለትም። ጥፋቱ የእኔ ነበር።»

«እሺ፣ እኔ ምን አልኩ? የእኔም ልጅ አንቺን ትምሰልልኝ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በሙያችን ሃርድዌር ሲያጠፋ ሶፍትዌር ይሸፍናል። የተበየደን ቦርድ ከማፍረስ ኮድ መለወጥ ስለሚቀል ሁልጊዜ እንዲህ ይደረጋል፤ ማንም በማንም አይፈርድም፣ ማንም አያወራውም። ስለዚህ ችግሩ በኮድ ከተስተካከለ የኮድ ችግር ነበር ማለት አይደለም። እንዲያውም ሰው የሚያስበው ተቃራኒውን ነው። በዚያ ላይ አባቴ ጠዋት ተሰናብቶ፣ እኔ ልጁ በዚያው ቀን አስተካክዬዋለሁ።

ኢንጂነሩ ተጠርቶ መጣ። ስድስቱን ሳጥኖች አየ፣ አንዷን አንሥቶ ገለበጣት፣ ጎበዝ አለኝ። ብየዳው ምንም አልነበረውም አልኩት። ይገባኛል አለ። መምረጫውን ወደ ሃርድዌር የቀየርኩት እኔ ነኝ አልኩት። ፈገግ አለ። «አባት ነው፤ እኔም አባት ነበረኝ» አለና ሊሄድ ዞረ። በሦስት ዓመት ውስጥ እዚያ ክፍል ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ጊዜም ከፍ አላለልኝም፣ ቀጠነ እንጂ። «ግማሽ ሰዓት ብቻ ይቀመጡልኝ» አልኩት። መሳቢያዬ ውስጥ የቺፑ አምራች ለናሙና የላከልን ቦርድ አለ፤ ማሽን የበየደው፣ አባቴ በእጁ ነክቶት የማያውቅ። ያን የእኔን ድራይቨር እንደነበረ ጫንኩበትና ኦሲሎስኮፑን አሰርኩ። ኢንጂነሩ በአባቴ ወንበር ላይ፣ የታጠፈው ጋዋን ላይ ተቀመጠ። ታች ጎማ ሲነፋ ይሰማል። ሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሜሞሪው መጻፍ ተወ። ስክሪኑ ላይ ያው መስመር ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወርዶ ነበር።

ኢንጂነሩ መሐንዲስ ነው፤ ያየውን አወቀ። ጋዋኑን ከሥሩ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ወረቀቱን በክፋት አልጻፍኩትም» አለ። «ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ነው የከረመው። አውጥቼ ልሰጣቸው አልቻልኩም ነበር። ዛሬ በራሳቸው እግር መጡ።»

«ይመለሳሉ ታዲያ?»

«በሩ ክፍት ነው። ነገ ቢመጡ ነገ። ግን ለደንበኞቹ ደብዳቤ ወጥቷል፤ የእጅ ብየዳ ስለነበር ነው፣ አቁመነዋል ብለናል። አሁን ደግሞ ሶፍትዌር ነበር ብል የሚገዛኝ የለም። ይህ ነገር እዚሁ ይቅር። እሳቸውንም ባትነግሪያቸው ይሻላል፤ ምን ይጠቅማቸዋል? አንቺን ደግሞ ማጣት አልፈልግም።» ቅጣቴን ስጠብቅ የሰማሁት ይህን ነው። ሞካሪዋ ብስኩቷን በናፕኪን ጠቅልላ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ በሩን ሳላንኳኳ ከፈተችልኝ። «በምሳ ሰዓት መጣ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ኮቱን አላወለቀም።» አባቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣል። ኮቱን ለብሷል፤ ሊሄድ ሲነሣ እራት ብላ ተብሎ የተያዘ እንግዳ ይመስላል። እጄን ታጥቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እናቴ ለእኔም ቀዳችልኝና ወደ ኩሽና ተመለሰች፤ ቧንቧውን ከፈተች።

«አባዬ፣ የብየዳ ችግር አልነበረም።»

ማንኪያውን አላቆመም። «ሞካሪዋ ደውላ ነገረችኝ። አስተካከልሻቸው አለች። ጎበዝ፣ እናቴ።»

«አላስተካከልኳቸውም። መጀመሪያ ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሶፍትዌር የሚጽፉ ልጆች የእኔን ጥፋት ሲሸፍኑልኝ ኖረዋል» አለ በቀስታ። «ከአንቺ በፊት የነበረው ልጅ ስንቱን ሸፈነልኝ፣ ለኢንጂነሩ ትንፍሽ ሳይል። እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ። ብትሸፍኝልኝ ደስ ይለኛል፤ ልጄ ነሽ። ግን አትዋሺልኝ።»

የዳቦውን ወረቀት ገልብጬ መስመሩን ሣልኩለት። ዝቅ ያለበትን፣ ሦስቱን ቁራጮች፣ ክፍተቱን፣ የተነሣበትን። ሳህኑን ገፋ አደረገና አዲሱን መነጽር አጠለቀ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋው። ማሽን የበየደው የናሙናው ቦርድም እንደዚሁ አደረገ አልኩት።

«ሲነሣ ቀጥ ብሎ ነው?»

«ቀጥ ብሎ።»

«አይንቀጠቀጥም?»

«አይንቀጠቀጥም።»

ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የላላች እግር ምን እንደምትመስል ያስተማረኝ እሱ ነው። ወረቀቱን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«መቼ ነው የቀየርሽው?»

«ከአራት ወር በፊት።»

ሲያሰላ አየሁት። አራት ወር፤ ሁለት መነጽር፤ ምናልባትም እኔ የማላውቃቸው ጠዋቶች። ጠይቄሽ ነበር አላለኝም። ይለኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ፤ ቢለኝ ኖሮ አለቅስ ነበር፣ ካለቀስኩ ደግሞ ያባብለኛል። አላለኝም። ኩሽና ውስጥ ቧንቧው ተዘጋ፤ እናቴ ቆማ ታዳምጣለች።

«ኢንጂነሩ ነገ መምጣት ትችላለህ ብሏል» አልኩ። «በሩ ክፍት ነው አለ።»

«ጠዋት እጄ አይታመንም ብዬዋለሁ።»

«እሱም እንዳልሆነ አሁን ያውቃል።»

«እሱ ብቻ አይደለም እኮ የሰማው» አለ አባቴ። «እኔም ሰምቼዋለሁ።»

ከዚያ ወረቀቱን እንደገና አነሣው፣ የሥራ ሰው ሆነ፤ ለአንድ አፍታ አጉሊ መነጽሩ ላይ ጎንበስ ሲል የማውቀው ፊቱ ተመለሰ። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለ። «ብየዳው ደህና ከነበረ፣ ሳሞቃቸው ለምን ይድኑ ነበር?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። መልሱን ግን ወዲያው አወቅሁት፤ አውቄው ዝም ልል ፈለግሁ። ጠበቀኝ። «አንድ ጽሑፍ ሲጠፋ ሶፍትዌሩ የት እንደደረሰ ይስታል» አልኩት። «ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ መጻፍ አይችልም። አንተ ለማሞቅ ስትከፍታቸው መጀመሪያ ባትሪውን ትነቅላለህ።»

«መንቀሌ ነው ያዳናቸው።»

«አዎ።»

«ሙቀቱ አይደለም።»

«አይደለም አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። መነጽሩን አወለቀና በኮቱ ጫፍ መጥረግ ጀመረ፤ ንጹሕ ነበር፤ ሲጠርገው ቆየ።

«እነዚያኞቹስ?» አለ።

«የትኞቹ?»

«የድሮዎቹ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪሙ ጋ ውሰዱት እየተባለ የመጡለት ቦርዶች ሁሉ፤ ባትሪያቸው ተነቅሎ፣ አንዲት እግር ነካ ተደርጋ፣ ባትሪያቸው ተመልሶ የተነሡት ሁሉ። ለየትኛቸውም ማንም ኦሲሎስኮፕ አላሰረም፤ ከዳኑ በኋላ ማን ይመረምራል?

«እነሱ የአንተ ናቸው» አልኩት። «እነሱን ያዳንካቸው አንተ ነህ።»

«እሺ» አለ፤ ሊያጽናናው የመጣን እንግዳ ላለማስቀየም ሰው እሺ እንደሚል። ወረቀቱ በእኔና በእሱ መሐል ተዘርግቷል። ብዕሩ አሁንም እጄ ላይ ነበር፤ ለእነዚያ የምሥልለት ነገር ግን አልነበረኝም።